ባዶ ጀሪካን

መቀሌ፣ የካቲት 2008

ይማም፣ በሰላም ገብቻለሁ፤ ሰላም ግን አላደርኩም።

የድርቅ ሥልጠናው ሓወልቲ አካባቢ፣ አንድ ሆቴል ነው። ትናንት ስንደርስ ፊት ለፊቱ ካለው የሕዝብ ውሃ ቦኖ ጋ ባዶ ጀሪካኖች ተደርድረው መኪና ማቆሚያ አጣን። ሾፌሩን «ሰብስበህ ጥግ አድርጋቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። ለካ እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሰው ሥራው ሲሄድ ጀሪካኑ ነው ተራ የሚጠብቅለት። ለሻይ ስንወጣ ውሃው መጥቷል፣ ተራው ግን ጠፍቷል። ሁሪያ የምትባል ድንጋይ ተሸካሚ፣ የከሚሴ ሴት፣ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሦስተኛ ነበርኩ» ብትል ማን ይስማት። ሳይደርሳት ውሃው ሄደ። ወሎዬ መሆኔን ከአነጋገሬ አውቃ፣ «ያገሬ ልጅ፣ ማን እንዳነሳው አላየህም?» አለችኝ።

አላየሁም አልኳት።

እኛ አገር ቦርከና ወንዝ ሲሞላ የሰው ዕቃ የምናነሳው ለማዳን ነበር።

ዛሬ «የአደጋ ስጋት ቅነሳ» የሚል ሰርተፍኬት ሰጡኝ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ሀፊሳን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ስመለስ ግን አደራህን፣ እንኳን ደስ አለህ እንዳትለኝ።

ሔሩይ