ሰባት ፍሎ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

መገናኛ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ ታክሲው አይሄድ አይቆም። ቦሌ መድኃኔዓለም ቢሮ ስደርስ አቧራ በአቧራ ሆኛለሁ። አለቃዬ ገብረኣብ ሰዓቱን አይቶ "ሴልስ ማለት ሰዓት ማክበር ነው" አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ወንበሬ ሄድኩ። የሙከራ ጊዜዬ በወሩ መጨረሻ ያልቃል።

ቋሚ ያደርጉኝ ይሆን? ለሰው ቤት እየሸጥኩ እኔ የማድረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ሶፋ ላይ። ቋሚ ከሆንኩ የራሴን ክፍል እከራያለሁ… ካልሆንኩስ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

አንድ ፈረንጅ መጣ። ለድርጅቱ ሠራተኞች ቤት ይፈልጋል። ሕንፃውን አስጎበኘሁት። በጥሞና አይቶ ሲያበቃ "ኤኒ ፍሎስ?" አለኝ። ፎቁን የጠየቀኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ፣ "የስ! ሰቨን! ኔክስት ይር፣ ቱ ሞር!"

ዐይኑ ፈጠጠ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። እጄን ጨብጦ "እንዳንተ ያለ እውነተኛ ሻጭ አላየሁም" ዓይነት ነገር ብሎኝ ሄደ። ገብረኣብ ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። "አንተ ልጅ፣ ልትፎግረኝ ነው እዚህ የገባኸው?"

ቤት ስገባ እህቴን ማኅደርን ጠየቅኳት። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። በሳቅ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "ፎቅ ፍሎር ነው! ፍሎ እኮ እንከን ማለት ነው!"

አሃ… ሕንፃው ሰባት እንከን አለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት እንጨምራለን ብዬዋለሁ ማለት ነው። ወይ ጉዴ! እነሱስ ሲናገሩት ለምን አይለዩትም?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ማኅደር ታስጠናኛለች። ድሮባክ፣ ሾርትካሚንግ፣ ዲፌክት… ሁሉም ያው ጉድለት ነው። አንዱ አይበቃቸውም?

"ዲሲቭ ማታለል ነው። ሚስሊድ፣ ማሳሳት፣ ደግሞ ሳትዋሽም ይሆናል።"

"ሳልዋሽ እንዴት ነው የማታልለው?"

"እያወቅክ ዝም በማለት።"

እሺ። እኛስ ብንሆን… ሸወደ፣ ፎገረ፣ አጭበረበረ፣ ሸነገለ፣ ደለለ። በዚህ እንኳ ማንም አይበልጠንም!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

እነዚህ ቃላት አበላሹኝ። ሕንፃውን ዛሬ ገና ያየሁት መሰለኝ። ውሃው ከሦስተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። ሊፍቱ በር አለው እንጂ ውስጡ ባዶ ነው። ደረጃው ጋ ግድግዳው ተሰንጥቆ በላዩ ቀለም ቀብተውበታል።

"ደንበኛ ድሮባኩን ቢጠይቀኝስ?" አልኩት ገብረኣብን።

"እዚህ ድሮባክ የሚባል የለም። ቻሌንጅ ነው የሚባለው።"

ንድድ አለኝ። ግን ሙከራ ላይ ሆኜ ምን አፍ አለኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

አዳዳ ደሪቱ መጣች። የአባቴ እህት ናት። የእርሻ መሬታቸው ለልማት ተወስዶ፣ በካሳው ቤት ልትገዛ ነው። "አንተ እዚህ ስላለህ ነው የመጣሁት" አለች። ያሳየናት ቤት አምስተኛ ፎቅ… በዚያ ጉልበቷ!

ገብረኣብ ራሱ ወንበር ሳበላት። "እማማ፣ ልጅዎን ሁንዴን እኮ ቋሚ ልናደርገው ነው" አላትና ጠቀሰኝ። አፌን ከዘጋሁ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

አዳዳ ወደ እኔ ዞረች። "ልጄ፣ ነገር አላበዛም። እንከን አለው?"

በእንግሊዝኛ ቢሆን አልገባኝም እል ነበር። በአማርኛ ወዴት ልሽሽ?

"ሰባት አለው፣ አዳዳ።"

ለምን ሰባት እንዳልኩ እንጃ፣ አመለጠኝ። ውሃውን ነገርኳት፣ ሊፍቱን ነገርኳት። ስንጥቁ ላይ ስደርስ ገብረኣብ "ውጣ!" ብሎ ጮኸ።

ወጣሁ። አዳዳም ነጠላዋን ሰብስባ ተከተለችኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሶፋው ላይ ተጋድሜ ዋልኩ። ማኅደር "ደግ አደረግክ" ትለኛለች። ደግነት የክፍል ኪራይ ይከፍላል እንዴ? በገብረኣብ ተናድጃለሁ። በራሴም። በአዳዳም ጭምር… ምናለ ሌላ ቢሮ ብትሄድ ኖሮ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሥራ እስካሁን የለም። አዳዳ ደውላ "ሲኤምሲ አካባቢ ሌላ ቤት አግኝቻለሁ፣ ና እይልኝ" አለች። መንገድ ላይ የፈረንጁን ነገር ነገርኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

የሚያስጎበኘን ልጅ ከረባቱ አንገቱን አንቆታል። ወሬው ቁጭ ገብረኣብን ነው። "እዚህ ችግር የለም፣ ቻሌንጅ ብቻ ነው።" አዳዳ ሰማችው፣ ሰማችውና ኮስተር ብላ፣ "ኤኒ ፍሎ?"

ልጁ ፊቱ በራ። "ናይን፣ እማማ! ዘጠኝ!"

አዳዳ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። እኔም ሳቅኩ። የአንድ ወር ንዴቴ አብሮ ወጣ። ስቄ ሳልጨርስ ግን ልጁን አየሁት። ምን እንዳጠፋ ጠፍቶት አንዴ እኛን፣ አንዴ የአለቃውን በር ያያል። እሱም ሙከራ ላይ ነው መሰለኝ።

አዳዳን ታክሲ ውስጥ አስቀምጬ ተመለስኩ።

"ወንድሜ" አልኩት ቀስ ብዬ፣ "ፍሎ ማለት ፎቅ አይደለም።"