የቤት በጀት ፈተና ከመቀመጤ በፊት

ለሀሊማዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽኝ ድፍን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት በር ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ አይደለም የጻፈልኝ። እኔው ባልሽ፣ በአውራ ጣቴ ስፈርም የምትስቂብኝ፣ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። በቀበሌው የማታ ትምህርት ፊደል ቀድሞ የጨረሰ እኔ ነኝ። ዋሸሁ፤ አንዲት ጉሊት ሻጭ ቀድማኛለች። እሷ ግን እንደኔ ጆንያ ስትሸከም አትውልም።

ቤቱ ደህና ነው። ደጃችን ያለው የኒም ዛፍ ጥላው ጎረቤት ደርሷል። ልጃችን ሰዓዳ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ አንቺን፣ ምላሷ እኔን። ችግሩ እህትሽ ረህማ ናት። ከረመዳን በፊት ከገጠር፣ ከሐርላ መጥታ፣ ሽማግሌ ሰብስባ፣ ልጅቷን ካልወሰድኩ አለች። "የዚህ ሰውዬ ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ልጅ በቀልድ አትጠግብም" አለች። ለማንም መልስ የማላጣው ሰውዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እውነቷን ነዋ። ሰዓዳ ሐርላ ከሄደች ደግሞ ከፍየሎቹ ኋላ እንጂ ደብተር ይዛ አላያትም።

ሽማግሌዎቹ መላ አመጡ። የማታ ክፍላችን አሁን የቤት በጀት ያስተምራል፤ ገቢን ማቀድ፣ ወጪን መለየት፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ። መጨረሻው ላይ ፈተና አለው። ካለፍኩ ሰዓዳ እኔ ጋ ትቀራለች፤ ከወደቅኩ ረህማ ትወስዳታለች። ፈተናው ነገ ነው።

አቦ፣ ማጥናቱንስ አጥንቻለሁ። ባቡር ጣቢያው ላይ ጆንያ ተሸክሜ "ቋሚ ወጪ፣ ተለዋዋጭ ወጪ" እያልኩ ሳጉረመርም፣ ጓደኞቼ ዱዓ መስሏቸው አሚን ይሉኛል።

መጽሐፉ "መጀመሪያ ለቁጠባ አስቀምጡ፣ ከዚያ አውጡ" ሲል እጄን አወጣሁ። ይሄ ከሚስቴ የተሰረቀ ነው አልኩ፤ ክፍሉ ሳቀ። ደመወዜን ተቀብለሽ በሻርፕሽ ጫፍ ስትቋጥሪው ታየኝ። አንዱ ለማሽላ፣ አንዱ ለኪራይ፣ አንዱ ለላምባ። ከሁሉ በፊት የምታስሪያት ግን ትንሿ ቋጠሮ ነበረች። አንድ ቀን ለጫት ልፈታት ስል እጄን የመታሽኝ እስካሁን ያሳክከኛል። ከፈንሽ የተገዛው ከሷ ነው። ይህን ለክፍሉ አልነገርኩም።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪያችን፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ለማስተማር የዘመተ ተማሪ፣ የየቤታችንን የአንድ ወር በጀት አሠራን። የኔ አልሞላ አለ። በደመርኩ ቁጥር ማሽላው ይጎድላል፣ ሳሙናው ይጎድላል። አስተማሪው አጠገቤ መጥቶ አጎነበሰ።

"ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?" አለኝ።

ሦስት አልኩት።

"እርስዎ፣ ሰዓዳ..." ብሎ ቆመ። ጉሊት ሻጯ አንገቷን ደፋች። ታውቂኛለሽ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ቀልድ አላጣም። ያን ቀን ግን ደብተሬን ወደ ራሴ ስቤ ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ።

ለካ የአንቺንም ማሽላ፣ የአንቺንም ሳሙና፣ የፀጉር ቅባትሽን ሳይቀር ጽፌልሻለሁ። ቤት ገብቼ ቁምሳጥኑን ብከፍት ያልተነካ ቅባት ተደርድሯል። ከፊራ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ለሦስት ሰው ስገዛ ኖሬአለሁ። ደመወዙ ወሩን የማያጋምሰው ለዚህ ነው። ለረህማ ይህን እንዴት እነግራታለሁ? ጥፋቱን በአንቺ ያሳበብኩ ቢመስላትስ?

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሰዓዳ ደብተሬን ይዛ ፈተነችኝ። "የቤተሰብ ብዛት?" ስትለኝ እስክሪብቶዬን አነሳሁና አስቀመጥኩ። ልጅ ብትሆንም ገባት፤ ሳትቆጣ ጠበቀችኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በጀቱ ሞላ፤ እንዲያውም ትንሽ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነገም ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። ገበያም ለሁለት እገዛለሁ። አትቀየሚኝ፤ ልጅሽን እዚሁ ላስቀራት ብዬ ነው። ከነገው ፈተና ውጭ ግን ቤታችሁ ስንት ናችሁ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ በሕይወት እስካለሁ መልሴ ሦስት ነው።

ባልሽ አህመድ