ቀይ የተባለው ሰሌን

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኪዛ፣

«በእጅ የተሠራ ስጦታ እኮ ምንም አያስወጣም» አሉ የቄሳችን ባለቤት ወይዘሮ ናንቴዛ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለሴቶቹ ሲናገሩ ከኋላቸው ሆኜ ሰማሁ። አስተማሪ ነኝና የተነገረኝን አምናለሁ። ሰላምታም በእጅ የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ ምንም እንደማያስወጣኝ ተማምኜ ከእሱ ልጀምር።

እንደምን ከርመሃል? ሌሊቱን እንዴት ታድራለህ፣ ቀኑንስ እንዴት ትውላለህ? የሌሊት ዘበኛ መሆንህን ረስቼ ነው፤ ልገልብጠው፦ ሌሊቱን እንዴት ትውላለህ፣ ቀኑንስ እንዴት ታድራለህ? ቆሞ ማደር ያመጣብህ የጉልበት ሕመም ለቀቀህ? የዶሃ ሙቀትስ በረድ አለ? በአገራችን ወግ ሴት ተንበርክካ ነው የምትሳለመው፤ እኔ ግን ታላቅህ ስለሆንኩ ቆሜ ነው የምሳለምህ፣ ቅር እንዳይልህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» ያልኩህን ግን ለጊዜው ብቻ ያዘው፤ ወደ ታች ስትወርድ የሚያፈርሰው አለ።

ዘንድሮ ቡናው አልያዘም። ዝናቡ አበባው ላይ ቀረና ዛፉ ሁሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቆመ። ስለዚህ የገና ስጦታ ከሱቅ አይገዛም፣ ሁሉም በእጁ ይሥራ ተባለ። አባታችን ለልጆቼ ከደረቅ የሙዝ ልጥ ኳስ ጠቅልለዋል። ክብ ናት ብለው ይምላሉ፤ ስትንከባለል ግን እንደ ሰካራም ወደ ግራ ታደላለች። መንታዬ ናካቶ ከአሮጌው መጋረጃችን ለባሏ ሸሚዝ ሰፋችለት፤ እሱም «እኔ መስኮት አይደለሁም» ብሎ ተቆጥቷል። እኔ በእጄ የማውቀው ቀይ እስክሪብቶ መያዝ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም እንደ ስጦታ አይቀበለውም። እማማ ግን ለአንተ ሰሌን ሠራች።

መቼም እዚህ ከቤት የሚወጣን ልጅ ሰሌን ሳያሲዙ መሸኘት ነውር ነው። እኔም ናካቶም ስንዳር የየራሳችንን ተሸክመን ወጥተናል። አንተ ግን ቪዛህ ድንገት መጣና ባዶ እጅህን ሄድክ። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ እማማ «ልጄ የሚቀመጥበት የለውም» እንዳለች ነው። አልጋ አለው ስላት «አልጋ መተኛ ነው። ሰው ሲመጣበት ምን ላይ ያስቀምጠዋል?» ትለኛለች። በክፍልህ ውስጥ ስምንት ሆናችሁ እንደምትኖሩና እንግዳ ቢመጣ መቆሚያ እንኳ እንደማያገኝ አልነገርኳትም።

አሁን የሚያፈርሰው ቦታ ላይ ደረስን። ኪዛ፣ እማማ አታይም። በስልክ «ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ነው» የምትልህ የፋሲካ ሰሞን የነበረውን ነው። ከኦገስት ወዲህ ጭጋጉም የለም። ሐኪሙ ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት፣ ጠብታው ሕመሙን ያስታግስላታል እንጂ ብርሃኑን አይመልስም አለን። አንተ እንዳትሰማ ሁላችንንም አስምላናለች። «ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። መጥቶስ ምን ሊያደርግልኝ ነው? እጄን ይዞ ሽንት ቤት ሊወስደኝ?» ነው ያለችው። መሐላውን የማፈርሰው ግድ ስለሆነብኝ ነው፤ ያለዚያ የሰሌኑን ነገር ልትረዳልኝ አትችልም።

እጇ እንደሆነ አልተነካም። የዘንባባውን ቅጠል ስትሰነጥቅም ሆነ ስትጎነጉን፣ ጉንጉኑን ጎን ለጎን ስትሰፋም ዓይን ካላት ሰው ትፈጥናለች። ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ከሥሯ ያለውን ሰሌን ጠርዝ በጣቷ ዳበስ አደረገችና «ይቺማ የናምቢ እጅ ናት። ጠርዝ ስትጨርስ ሰው የሚያሳድዳት ይመስላታል» አለች፣ ያውም ጮክ ብላ። ጎረቤታችን ናምቢ ራሷ አጠገቧ ነበረች። ሟቹ እንኳ የሚስቅ መሰለኝ።

የጎደለን ቀለሙ ብቻ ነበር። እማማ «የኪዛ ቀይ ይሁን፤ ቀይ ከሩቅ ይታያል» አለች። የዓይን ጠብታውን የቤተ ክርስቲያኑ ክሊኒክ በነጻ የሚሰጣት ይመስላታል። እኛ ግን የምንገዛላት ከስኳሩም፣ ከሳሙናውም፣ ከሁሉም እየቀነስን ነው። ናካቶ «የቀለሙ ገንዘብ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል፣ ከየት እናምጣ?» አለችኝ። ከዚያ ያለፈው ዓመት ቀለም ታስሮበት የነበረውን ላስቲክ ከነቋጠሮው የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሽታው ልክ እንደ ድሮው ቤቱን ሞላው። ውሃው ግን ጥርሱ የደማ ልጅ የተጉመጠመጠበት ነበር የሚመስለው። ቅጠሉ ነጭ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ቀላ?» አለች እማማ፣ ከድስቱ አጠገብ ሆና።

«ቀላ፣ እማማ» አለች ናካቶ።

«አቀላሉ እንዴት ነው? እንደ ጡብ ነው እንደ ደም?»

ናካቶ ወደ አባታችን ዞረች። ከተጠመቁ ጀምሮ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀው አባታችን «የበሰለ ቡና ነው የሚመስለው» አሉ። ከዚያ ተነስተው ጓሮ ወጡና የታሰረውን ፍየል እንደገና አሰሩት።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ነጩን ሰሌን ስለ ቅላቱ ያመሰግን ጀመር። ናምቢ «ናሎንጎ፣ የመንቶቹ እናት፣ ይሄማ ዓይን ያጠፋል!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ሳቀች። «የእኔን እንኳ አያገኘውም» አለቻት። አንድም ሰው ግን እንዲቀመጥበት አልፈቀደችም። አዲስ ቀይ ሰሌን የተቀመጠበትን ልብስ እንደሚያቀላ ታውቃለህ፤ ልጅ ሳለህ በገና ቀን በነጭ ሱሪህ ተቀምጠህበት መዘምራኑ ፊት እንደ ዝንጀሮ መቀመጫህ ቀልቶ የቆምከውን እስካሁን ታነሳዋለች። «የኪዛን ዝንጀሮ አስታውሱ!» እያለች ሰውን ሁሉ ስታባርር ሰነበተች።

ሰሌኑን ትወስድልህ የነበረችው ናካቡዬ ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ ማክሰኞ ወደ ዶሃ ትመለሳለች። ሻንጣዋ ውስጥ ብንሞክረው እንቢ አለ። ሰሌን ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። በመጨረሻ «እህቴ፣ ይሄን ከምሸከም ናሎንጎን ራሳቸውን አዝዬ ብሄድ ይቀለኛል» ብላ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። እሷ የምትይዝልህ ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው። ሰሌኑ እኔ ቤት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆሟል። ለእማማ ሄዷል ብለናታል።

ስለዚህ ኪዛዬ፣ የገና ዕለት ስትደውል፣ ያልደረሰህን ሰሌን፣ ስለሌለው ቀለሙ፣ ለማታይ እናትህ ታመሰግናለህ። ያን ያህል አይከብድም፤ እኛ ለምደነዋል። «ቀይነቱ እንዴት ነው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። የበሰለ ቡና ነው የሚመስለው በላት። ሌላ ነገር አትጨምር፤ የአባባ ቃልና የአንተ ቃል ይግጠም። ድምፅህም እንዳይሰበር። እንደ ሰሌን ጠርዝ አድርጋ ድምፅ ትዳብሳለች።

ሥራህን ጥለህ ና አልልህም። ብቻ ትናንት ፎቶህን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ገልብጣ ነበር የያዘችው። አላቃናሁላትም።

ምስር የሚቀቅልላችሁን ኔፓላዊ ወንድማችንን፣ በእንቅልፍ ልቡ የሚዘምረውንም ጋናዊ ሰላም በልልኝ። አባታችን በሙዝ ቅጠል የሚታሰረው የገና ዶሮ መቋደሻው የአንተ ነው ብለዋል፤ እንደየዓመቱ በአንተ ስም እሳቸው ይበሉታል። ናካቶና መጋረጃ የለበሰው ባሏ ይስሙሃል። ልጆቼ አጎታችን የእውነት ኳስ ይላክልን ብለዋል፤ አባባ እንዳይሰሙ። እማማ ደግሞ «በሰሌኑ ላይ ብቻውን እንዳይቀመጥበት» ብላሃለች።

እህትህ ባቢርዬ
ቡጎንዚ፣ ማሳካ፣ ቅዳሜ ዲሴምበር 17

ኪዛ፣ ደብዳቤውን አሽጌው ነበር፤ ዛሬ እሑድ ከሰዓት እንደገና ከፈትኩት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማን እኔ ቤት ይዣት መጥቼ ነበር፤ ወይዘሮ ናንቴዛና ሌሎች ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ምንጣፍ አነሰን። እኔ ውሃ ልቀዳ እንደወጣሁ ናምቢ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሰሌን አየችና የአንተ መሆኑን ሳታውቅ አውጥታ ዘረጋችው፤ ስመለስ እማማ ተቀምጣበታለች። ጣቷ ጠርዙን ይዞ ቀስ እያለ ሄደ፣ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወይዘሮ ናንቴዛ የእናቶች ማኅበሩን ነጭ ቀሚስ እንደለበሱ በር ላይ ቆመው እኔን ያያሉ።

እማማ ምንም አልጠየቀችም። ጠጋ አለችና አጠገቧ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገች። «የቄሱ ባለቤት ነሽ? ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ» አለች።

ወይዘሮ ናንቴዛ ተቀመጡ። ሲነሱም ቀሚሳቸው ነጭ ነበር።