የመሐሏ አበባ

ኢስፋሃን፣ ከኖውሩዝ አዲስ ዓመት በዓል በኋላ በአምስተኛው ቀን

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ ለፋርዛኔ፣

የባሕሩ ሙቀት ገና አላቀለጠሽም? ባህራምስ የጭነት መኪናውን ካንቺ አብልጦ መውደዱን ተወ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ካዌ በልቶ ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ከአባባ ጨርቅ ማተሚያ ተባርሬያለሁ። ከትምህርት ቤት ስባረር የቀረኝ እሱ ብቻ ስለነበር፣ አሁን ከሁሉም ተባርሬ ጨርሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ስንወለድ የቀረጹልን የእንጨት ማህተሞች ትዝ ይሉሻል? ለካዌ ጽጌረዳ፣ ለእኔ የሜዳ አበባ፣ ላንቺ የሮማን አበባ። የዛሬ ሁለት ዓመት ያለ ፈቃዳቸው ባህራምን አግብተሽ ስትሄጂ፣ ያንቺን ሰጡኝና «ምድጃ ውስጥ ጨምሪው» አሉ። «እሺ አባባ» ብዬ የእማዬን የሊጥ መዳመጫ ጨመርኩት። ጭሱን አይተው ረክተው ሄዱ። እማዬ መዳመጫዋን እስከ ዛሬ ትፈልጋለች። ያንቺ አበባ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ከረመ።

አምና ለዘመድ የሚላከው፣ የሦስታችን አበባ የሚታተምበት የበዓል ካርድ መሐሉ ባዶ ሆኖ ወጣ። አክስቴ ቱባ «ምነው ጋፋር፣ አበባህን አይጥ በላው እንዴ?» አለች። አባባ «ያሉኝ ሁለት ልጆች ናቸው» አሉ።

ዘንድሮ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የካርዱ ሥራ ለእኔ ደረሰ።

«ሁለት አበባ! ሦስተኛ ባይ ጣትሽን እቀነጥሰዋለሁ!»

«ታዲያ ማን ያትምልዎታል?» አልኳቸው።

ባለ ሁለት አበባ አንድ ካርድ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ «ጎበዝ» አሉ። ከዚያ አርባውን እንደ ልቤ ሠራኋቸው። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ማህተሙን በጡጫ እየመታሁ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን መስመር፤ ሲደርቅ በብሩሽ ቀለሙን። የእኔን ቢጫ፣ የካዌን ገርጣ ያለ ሮዝ (ይገባዋል)፣ መሐል ላይ ያንቺን ቀይ፣ ሁለት ጊዜ ደራርቤ። ፖስታውን አሽጌ በብስክሌት አደልኩት።

የበዓሉ ቀን ቤቱ ሞላ። አክስቴ ቱባ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ጋፋር! እንኳን ታረቃችሁ! ልጅቱ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ እልል አለች። ሽማግሌው አጎታችን ተነስተው የአባባን ግንባር ሳሙ። አባባ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ፒስታቺዮ እየፈለፈልኩ ነበር።

እንግዳው ሲሄድ ወደ ማተሚያው ጠሩኝ።

«ሂጂና አርባውንም ለቅመሽ አምጪ።»

«አልሄድም።»

«ይቅርታ ጠይቂ።»

«አልጠይቅም። ከፈለጉ እርስዎ ይሂዱ፤ እያንዳንዱን በር ያንኳኩና ‹ልጄን ፋቁልኝ› ይበሉ።»

ብሩሼንና ቁልፌን ነጠቁኝ። ይቅርታ እስክል ድረስ እግሬ ማተሚያውን እንዳይረግጥ አሉ። ጢም ሳበቅል እላለሁ!

ግን ስሚ። አምስት ቀን ሙሉ አንድም በር አላንኳኩም። ትናንት ጎረቤት መቼ እንደምትመጪ ሲጠይቃቸው «መንገዱ ሩቅ ነው» ብቻ አሉ። እንደ አምናው «ሁለት ልጆች» አላሉም፣ እታለም! በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ስለዚህ በበዓሉ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ምሳውን ይዞ ሲወጣ፣ ከነባልሽ ነይ። በሩን ቢዘጉት መስኮት እከፍታለሁ፤ መስኮቱን ቢዘጉት ጣራውን ታውቂዋለሽ።

ይህ ካርድ ያንቺ ነው፤ ከአርባዎቹ ይለያል። የባህራም የአጎት ልጅ «ወልዳለች» ብሎን ብቻ ሄደ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ስሙን እንኳ አልነገረን። በዚህ ቤት ለልጅ ማህተም የሚቀርጹት አባባ ብቻ ነበሩ፤ ነበሩ ነው ያልኩሽ። መሣሪያዬ ስለተቆለፈብኝ በእማዬ የሽንኩርት ቢላ እምቡጥ ቀርጬ ካንቺ አበባ ሥር አተምኩት። ጥግ ላይ ያለችው ቀይ ነጠብጣብ ቀለም አይደለችም፤ አውራ ጣቴ ነው፣ አትጠይቂኝ። እምቡጡን ቀለም አልቀባሁትም። ምን ዓይነት እንደሚሆን መጥተሽ አንቺ ቀቢው።

መንገዱን ያቅናልሽ፤ የልጅሽን ዕድሜ ያርዝምልሽ፤ የመኪናውን ጎማ ያጠንክርልሽ። እኔ እንደሆነ ቀለሙም አልናፈቀኝ፣ አንቺም አልናፈቅሽኝ። ዝም ብለሽ ነይ።

ይቅርታ የማትለው እህትሽ፣
ማንዳና