ሚካኤል ያስቆመው መጋዝ

ካርቱም፣ ካላክላ፣ ሰኔ 15

ውድ ወንድሜ ወልደሥላሴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ገዳሪፍ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከቀኝ ትከሻዬና ከኩራቴ በቀር የተጎዳ ነገር የለኝም። ሁለቱም የተጎዱት አንተ ግቢ፣ ዛፍህ ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ስቀህ ስታበቃ ደግሞ ቁም ነገር አለኝ።

ባለፈው ሳምንት የመጣው ሀቡብ፣ ያ የአሸዋ ማዕበል፣ አቧራ ብቻ ይዞ አልመጣም። ልጅህ ቤቲ በተወለደች ጊዜ የተከልከውን የኒም ዛፍ ለሁለት ሰነጠቀው። አንዱ ግንድ የቤትህ በር ላይ ተጋደመ፤ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ደግሞ ከመኝታ ቤትህ ቆርቆሮ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎረቤትህ ኦመር አየውና «ያ ሸዋ፣ ከሥሩ ቁረጠው፣ ከሰል እናድርገው፣ ኸላስ፣ በቃ» አለኝ። በጦርነቱ ስንቱ የሰፈር ዛፍ ማገዶ ሆኖ እንዳለቀ ታውቃለህ። ይሄ ግን የልጅህ እኩያ ነው፤ አንተ በሌለህበት ሲቆረጥ ቆሜ ላይ? ቅርንጫፉ ይወርዳል እንጂ ዛፉ አይነካም ብዬ ማልኩ።

በምን ልቁረጠው? ባለገመዱ መጋዝ እንደሆነ መብራት በሌለበት ሰፈር ምን ይሠራል? እሱን ባየሁ ቁጥርማ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አብረን ዛፍ የቆረጥንበት ቪላ ነው ትዝ የሚለኝ። ቅርንጫፍ ቆረጥኩ ስትል የገዛ ገመድህን በጥሰህ፣ ቤቱን በሙሉ መብራት አጥፍተህ፣ ለባለቤቲቱ «ማዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ከህረባው ራሱ ነው የሄደው» ያልካት! ገመዱ ለሁለት ተቆርጦ እግርህ ሥር ተጋድሞ እየታየ!

የቤንዚኑን መጋዝ ደግሞ አንተ ይዘኸው ሄደሃል። ቢኖርስ ቤንዚን ከየት ይመጣል? ኦመር ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ከህረባ ማፊ፣ ቤንዚን ማፊ፣ ሸምስ ፊ!» ይላል። መብራት የለም፣ ቤንዚን የለም፣ ፀሐይ ግን አለ ማለቱ ነው። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ሰፈሩ ሁሉ በተራ ስልኩን ይሞላበታል። ስለዚህ የቀረኝ አንተ «ፂም መላጫ» እያልክ ያሾፍክበት ባለባትሪ መጋዝ ነው። እኔ በጦርነቱ ኮስቲ ከተማ ተሰድጄ ሳለሁ ኦመር በጆንያ ጠቅልሎ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ኩስ ሥር ቀብሮ አቆይቶልኛል። ዘራፊዎቹ ዶሮዎቹን ወሰዱ፣ ኩሱን ተዉለት።

ችግሩ ተራዬ የደረሰው ሰኔ አሥራ ሁለት ላይ መሆኑ ነው። አዎ፣ በሚካኤል! ተራዬን ባሳልፍ ሌላ ሀቡብ ይቀድመኝና ቅርንጫፉ ቆርቆሮህን ይዞት ይወርዳል። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሰይጣን ሹክ አለኝ፦ ይሄ መጋዝ እኮ አይጮህም፣ ቢያጉረመርም ነው፤ ማን ያውቅብሃል? ያንተ መጋዝ ቢሆን በበዓል ቀን ሲነሳ እስከ ኦምዱርማን ድረስ ነበር የሚያሳብቅብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዓል ያከበርኩት በሃይማኖቴ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያንተን መጋዝ ጩኸት ፈርቼ ነው።

ባትሪው እንደሞላልኝ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ምን ልበልህ! ገመድ እየሳቡ መራገም የለ፣ ካንዴላ መጥረግ የለ፣ ቤንዚንና ዘይት መቀላቀል የለ። ጫን ስትለው ይነሳል፣ ስትለቀው ዝም ይላል። ወፎቹ እንኳ አልበረሩም። ቀጫጭኑን እንደ ጎመን ከተፍኩት። ዋናው ቅርንጫፍ ግማሽ ላይ ስደርስ ግን ባትሪው ቀጥ አለ። እንጨቱም የመጋዙን ብረት ነክሶ ያዘው። ትርፉ ባትሪ ኦመር ቤት ነው፣ እኔ ዛፍ ላይ ነኝ፤ ጮክ ብዬ እንዳልጣራ ቀኑ ሚካኤል ነው።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፈተና አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት ገባች። በለጡ! ሚስትህ! ቤቱን ላይ ብላ ከገዳሪፍ ስትመጣ ለካ ለማንም አልተናገረችም። የማኅበሩን ጸበል ጻዲቅ ቀምሳ መምጣቷ ነው።

«ሸዋንግዛው፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለችኝ አንገቷን አቅንታ።

«አሥራ ሁለት።»

«የማን ቀን ነው?»

«ቅርንጫፉ እኮ ቤታችሁ ላይ ሊወድቅ...»

«የማን ቀን ነው አልኩህ!»

«የሚካኤል።»

«እንግዲህ እሱ ነው ያስቆመህ። ኸላስ፣ ውረድ!»

አንድ እግሬን ከማውረዴ ቅርንጫፉ ቋ አለ። በለጡ ቅርንጫፉን አየች፣ ቆርቆሮዋን አየች፣ ትንሽ አሰበች። «በሬ ገደል ከገባ በሰንበትም ይወጣል። ያላ፣ ጨርሰው!» አለችኝ። ኦመርን ጠርታ የእጅ መጋዝና ገመድ አስመጣችው፤ መጋዙን ራሷ አቀበለችኝ፣ ቅርንጫፉን ያሰርኩበትን ገመድም አብራው ያዘች። ትከሻዬ የተጎዳው ያኔ በእጄ ስገዘግዝ ነው። ቆርቆሮህ ግን ጭረት አልነካውም።

ቁም ነገሩ የመጣው ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ነው። «ወልዴ እስካሁን እንደተቀየመኝ ነው?» አልኳት። «ስንት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። አንድ ቀን አንስቶ ሃሎ ሃሎ አለና ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

በለጡ ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ። «አንተ ሞኝ፣ አይሰማም እኮ! ጆሮው ከብዷል። ለሰው እንዳትናገሪ ብሎኝ ነው። እሱ ደግሞ ሸዋ ቂም ይዞብኛል፣ ደውሎ ዝም ይለኛል እያለ ይቆዝማል።»

ወልዴ፣ እኔም ደብቄህ የኖርኩት ነገር አለ። ያንን ባለባትሪ መጋዝ ከኦምዱርማን ገበያ ገዝቼ ስመጣ «ልትለየኝ ነው፣ ለብቻህ ልትሠራ ነው» ብለህ ጮህክብኝ፤ እኔም እውነቱን ሳልነግርህ ቀረሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ግንድ ወዳንተ ሲያዘነብል «ሽሽ!» ብዬ ሦስት ጊዜ ጮኬ ነበር። የመጋዝህ ሞተር ጠፍቷል፣ አንተ ግን ዞር አላልክም። ግንዱ ክንድ ሲቀረው ከጎንህ ወደቀ። አንተ ሳቅክ፣ እኔ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሞተር ሃያ ዓመት ጆሮህን ሲበላው እንደኖረ ያን ቀን ገባኝ። መጋዙን የገዛሁት ላንተ ነበር። እኔ ጆሮህ ደክሟል ማለት አፈርኩ፤ አንተ አልሰማም ማለት አፈርክ። በእፍረት ብዛት ሁለት ሽማግሌ ተኳረፍን። ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ናፍቀኸኛል።

አሁን በርህ ላይ የተጋደመው ግንድ እዚያው እንዳለ ነው። ለባለባትሪው ብረቱ ያጥረዋል፣ ጉልበቱም አይችለውም። ይሄን በጽሑፍ አምኜልሃለሁ፤ ለወፍራም ግንድ ያንተን ቤንዚን የሚያህል የለም። ኦመር ለከሰል ሲያየው «ይሄ የወልደሥላሴ ድርሻ ነው» ብዬ መለስኩት። በለጡ በመስኮት ነው ወጥታ የምትገባው፤ ስለዚህ ብዙ አትቆይ።

መጋዝህን ይዘህ ና። የጆሮ መሸፈኛ አዘጋጅቼልሃለሁ፣ የተረፈችህን እንኳ እናድናት። ታዲያ እንዴት ልንሠራ ነው ካልከኝ፣ አስቤበታለሁ። ረጅም ገመድ አለኝ። አንዱን ጫፍ ወገብህ ላይ እናስረዋለን፣ ሌላውን እኔ እይዛለሁ። አንዴ ከሳብኩ ቁም። ሁለቴ ከሳብኩ ሽሽ። ሦስቴ ከሳብኩ ሻይ ደርሷል።

ገመዱን ይዞ የሚጠብቅህ
ሸዋንግዛው