የሚያንሸራትት ኮርቻ

ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን

ለምወድህና ለማትሰማኝ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ዳሌዬም ገጥሟል፤ ብርድ ሲነካው ያጉረመርማል እንጂ። የላክህልኝ ጥቅል ደርሶኛል። ስፈታው የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ መስሎኝ ነበር፤ እጄን ሳሳርፍበት ጎማው አልለቅም አለኝ። «እማዬ፣ ኮርቻሽን አልብሺው፣ መቀመጫሽን ይይዝልሻል፣ አትወድቂም» ብለህ ጽፈሃል። ለእኔ? ሞኝህን ፈልግ!

ግልቢያ የማስተምርበትን ዘዴ ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርቻዎቹን ሁሉ በሰም አሽቼ መስታወት አስመስላቸዋለሁ። ሚዛን የሌለው ይንሸራተታል፣ ከዚያ ይማራል። አንተንም ያስተማርኩህ በዚያው ነው፤ ስንቴ አሸዋ እንደቃምክ አልረሳሁትም። አሁን ደግሞ ሰው ሚዛኑን ከሱቅ ይገዛ ጀመር!

ያንን የኮርቻ ልባስህን መጀመሪያ ያዋስኩት ለጠበቃው ነው፤ ያ ከፈረስ ይልቅ ቦት ጫማውን የሚወደው ተማሪዬ። «አሁንስ ማን ይጥለኛል!» ብሎ ደረቱን ነፋ። የፈረሷን የሆድ ጠፍር ላጥብቅልህ ብለው፣ «ተይው እትዬ፣ ይሄ ይዞኛል» አለኝ። መታጠፊያው ላይ ኮርቻው ወደ ጎን ዞረ። ልባሱ እውነትም አልለቀቀውም፤ ከኮርቻው ጋር ቀስ እያለ ዞሮ ከፈረሷ ሆድ ሥር ገባ። እሷም አንገቷን አዙራ አየችው። ጋጣ ጠባቂያችን ሳቁን ለመደበቅ ባልዲ ውስጥ አቀረቀረ። ከክብሩ በቀር የተጎዳበት የለም።

ሌላም እንከን አለው። ጠማማ ከተቀመጥክ ጠማማነትህን ይዞ ያቆይልሃል። ልስተካከል ብትል ሱሪህን ይጎትታል፤ ግድ ብድግ ብለህ እንደገና መቀመጥ አለብህ። ይሄን ከየት አወቅሽው ትለኝ ይሆናል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

«መጋለብ ካልቻልሽ ፈረሶቹን ሸጠሽ እኔ ጋ ነይ፣ ፎቅ ላይ ክፍል አለሽ» ብለሃል። መስኮትህ ሥር ተቀምጬ የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ላይ? ምን ቆርጦኝ! የላክህብኝ ደላላም መጥቶ ጋጣውን በዓይኑ ሲለካ ዋለ። ሲወጣ፣ «እትዬ፣ አስተማሪዋ ራሷ ፈረስ ላይ ካልወጣች ማን ሊማር ይመጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከወደቅሁ ወዲህ እርካብ ረግጬ አላውቅምና። ፈርቼ ነው፣ ልጄ።

የጣለችኝ ግራጫዋ ፈረስ ናት፤ አጥሩ ላይ ፌስታል አይታ በረገገች። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ለሁሉም የነገርኩት እንዲያ ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ኮርቻዬም እንደዚያ ቀን አብርቶ አያውቅም።

ትናንት ጋጣ ጠባቂውን ሣር እንዲያመጣ ላክሁትና፣ ያንን ምንጣፍህን ኮርቻዬ ላይ አስሬ ግራጫዋ ላይ ወጣሁ። ምስክር አልፈለግሁም። ጠፍሩን ሁለቴ አጠበቅሁ፤ ጠበቃ አይደለሁም። በእርምጃ ጀመርኩ፣ ከዚያ በሶምሶማ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ሌላ ፌስታል ሽቦው ላይ ይንቀጠቀጣል። ግራጫዋ እንደ ልማዷ ወደ ጎን ዘለለች። መቀመጫዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ስወርድ አንገቷ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው፤ እንዲህ ባለ አስቀያሚ ነገር መዳኔ አናድዶኝ።

ደላላህን ሁለተኛ እንዳታሳየኝ። ሊያነጋግረኝ ከፈለገ እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ፣ እሱ አሸዋው ላይ ቆሞ ነው።

ጤናህን ይስጥልኝ። መንገድህ ሜዳ ይሁን፣ እግርህም ከእርካብ አይሳት።

የምታስቸግርህ እናትህ

ረስቼው፦ በየዓመቱ የምትልክልኝን የኮርቻ ሰም ዘንድሮ ተወው። ዛሬ ኮርቻዎቹን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግኋቸው።