ሁለተኛው ቁልፍ

መርሳ፣ ሰኔ 3 ቀን

ለባሌ እናት፣ ለእኔም እናቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ጉልበትዎስ ትንሽ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቱን ከመናፈቅ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን የምታነብልዎት ሶስና ናት አይደል? ሶስናዬ፣ ፊደሌን አይተሽ እንዳትስቂ፤ ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቀስ እያልሽ አንብቢላቸው።

እማማ፣ ልጅዎ ካረፈ ጀምሮ ባጃጁ ላስቲክ ለብሶ ግቢ ውስጥ መቆሙን ያውቃሉ። የቤተ ዘመዱ ሽማግሌዎች እስከ ፋሲካ ሥራ ካልጀመረ ይሸጥ ሲሉ አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። ሆዴ ግን እሺ አላለም። ለመሸጥ ሳሳሁ፣ ለመንዳት ፈራሁ። የሰው ሳቅስ ይቻላል፤ ሞተሩ ሲነሳ እሱ ከሥራ የገባ እንዳይመስለኝ ነው የፈራሁት። ቁልፉን ሳጥኔ ውስጥ ከልብሱ ሥር ከተትኩትና ተውኩት። ዶሮዬ እንኳ የሹፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል መጣል ለምዳ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት መካኒኩ ዘውዱ መጣ። ላስቲኩን ቢገፍ ዶሮዋ ተኝታለች። እታለም፣ ይቺ ካንቺ ትሻላለች፣ እሷ ሳትፈራ ተቀምጣበታለች አለኝ። ሳቅኩ እማማ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ባትሪውን ቀየረና ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። ከየት አመጣኸው አላልኩትም።

ንጂም አላለኝ። በየጠዋቱ ከኪዳን ስትመለሺ ተቀመጪና አስነሺው፣ መቶ ድረስ ቁጠሪ፣ አጥፊው፣ ሌላ ነገር እንዳትነኪ ብሎኝ ሄደ። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ላይ ስደርስ እያለቀስኩ ወረድኩ። በሳምንቱ መቶ ሞላልኝ። ከዚያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ውኃ ቦኖው፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለመድኩት። ማሠልጠኛም ገባሁ፤ ልጆቹ ማዘር፣ ፊት ተቀመጪ እያሉ ሲቀልዱብኝ ከረሙ። መንጃ ፈቃዴንም ያዝኩ።

የመጀመሪያ ተሳፋሪዬ ጎረቤቴ በላይነሽ ነበረች፤ ከገበያ ከነዘንቢሏ ጫንኳት። ቤቷ ስንደርስ ወራጅ አለ አለች። ልቆም ስል አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ አሁን ቆሜ አልነሳ ቢለኝስ? ነዳሁት። ወራጅ አለ! ኧረ አንቺ ሴትዮ ቤቴን አለፍሽው፣ ወልድያ ልትወስጂኝ ነው እንዴ? እያለች ጀርባዬን ትደበድበኛለች። ከተማውን ጨርሰን ወጣን። መጨረሻ ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ሞተሩም ጠፋብኝ። አማተብኩና ቁልፉን አዞርኩት። ባንዴ ተነሳ! አሁንም ልትሳፈር ስትመጣ ስንቅ ልቋጥር? ትለኛለች።

ሽማግሌዎቹ በፋሲካ ሰሞን ሲመጡ ግቢው ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ባጃጁም እኔም ሥራ ላይ ነበርን።

የሚመጣው ሰኞ የዓይን ቀጠሮዎ አይደል? ሲሪንቃ መንገድ ዳር ወጥተው ሚኒባስ እንዳይጠብቁ። ወልድያ የማደርስዎት እኔ ነኝ። ጥቁሩን ልብስ አውልቄያለሁ፤ ሲያዩኝ እንዳይከፋዎት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ ባጃጁን ያመጣ ዕለት ከሁለቱ ቁልፎች አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአንቱ መርቁልኝ ብሎ እንደሰጠን ትዝ ይልዎታል? ዘውዱ ያመጣው ቁልፍ ላይ ክር ታስሮበታል። አስተሳሰሩን አውቀዋለሁ፤ በሠርጌ ማግስት ማተቤን ሲያስሩልኝም ቋጠሮው እንዲሁ ነበር። ዘውዱን አልጠየቅኩትም፤ አንቱንም አልጠይቅም። የእኔው ቁልፍ አሁንም ሳጥን ውስጥ ነው። የምነዳው በዚህኛው ነው።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዓይንዎን ያብራልኝ፣ ምርቃትዎ አይለየኝ።

ሰኞ ማለዳ ጥሩምባ ሲሰሙ ይውጡ።

የልጅዎ ሚስት፣
ልጅዎ